የጎዳና ሩጫ ሐሤት ከወዴት ይመነጫል?

ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ የተባለው የ10 ኪሎ ሜትር የጎዳና ውድድር በኅዳር ወር 1994 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ አንደኛ የወጣው ጀግናው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነበረ፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሶ ወደ ጎዳናው የሚጐርፈው ብዙ ሺሕ ሕዝብ፣ ለሽልማት እንደማይበቃ አስቀድሞ እያወቀ፣ ስለ ምን እንዲህ በፍሥሓ ይመላለሳል ብሎ መጠየቅ የሥጋንም የልቡናንም ጠባይ ለሚመረምር ሰው የተገባ ነው።

ለብዙ ዘመን የሯጭ ሐሤት ምክንያቱ ኤንዶርፊን የተባለው፣ ሥጋችን ራሱ የሚያዘጋጀው የሕመም ማስታገሻ ቅመም ነው ሲባል ኖሯል። ይሁን እንጂ የኤንዶርፊን ቅንጣት ግዙፍ በመሆኑ በደምና በአንጎል መካከል ያለውን ጥብቅ አጥር በቀላሉ ስለማያልፍ፣ በደም ውስጥ መብዛቱ ብቻውን የልቡናን ደስታ ሊያስረዳ አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት ግን በመጠነኛ ፍጥነት ለ50 ደቂቃ በሮጡ ወጣቶች ደም ውስጥ አናንዳሚድ የተባለው ሌላ ቅመም ከፍ ብሎ መገኘቱን ገለጸ፤ ይህም የስብ ጠባይ ስላለው ያንን አጥር ተሻግሮ ከአንጎል ይደርሳል። ኋላም የተደረገው ምርመራ እንዳመለከተው ቅመሙ በርትቶ የሚመነጨው እጅግ በዘገየ እርምጃ ወይም አቅልን በሚያስት ግስጋሴ ሳይሆን፣ ሯጩ ከባልንጀራው ጋር አጫጭር ቃል መለዋወጥ በሚችልበት በመካከለኛው ፍጥነት ነው።

ይህን ልከኛ ፍጥነት ለመጠበቅ ግን ሁለት ነገሮች ይፈታተናሉ። አንደኛው የሕዝቡ ብዛት ነው፤ አሜሪካዊው ኖርማን ትሪፕሌት እ.ኤ.አ. በ1898 ብስክሌተኞችን መርምሮ እንደ ጻፈው፣ ሰው ብቻውን ከሚጋልብ ይልቅ ከሌሎች ጋር ሲሆን ይፈጥናልና፣ ጀማሪው ሯጭ በመነሻው ግርግር ሳያስበው ኃይሉን ይጨርሳል። ሁለተኛው የአገሩ ከፍታ ነው፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች በመሆኗ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህም በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል፣ ከአቅሙ በላይ የተነሣውም ሰው ገና ሩቅ ሳይሄድ እግሩ ይከብደዋል፣ ደረቱም ይጠብበዋል።

ከቅመሙ ቀጥሎ የሚመጣው የማኅበሩ ጸጋ ነው። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ጥናት፣ ቀዛፊዎች አንድ ጊዜ ለየብቻቸው፣ አንድ ጊዜም በኅብረት እኩል እየቀዘፉ ከሠሩ በኋላ ክንዳቸው በደም ግፊት መለኪያ ጨርቅ እየተጨመቀ ሕመምን የመታገሥ አቅማቸው ሲመዘን፣ ድካሙ ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ በኅብረት ከቀዘፉ በኋላ ትዕግሥታቸው እጅግ በልጦ ተገኘ። በታላቁ ሩጫ መካከል ወጣቶች ክብ ሠርተው አንዱ ሲያወጣ ሌላው እየተቀበለ፣ በጭብጨባና በእግር ምት ተስማምተው ዳገቱን ሲወጡ የሚታየው ብርታት ከዚሁ ሥርዓት ጋር የሚዛመድ ይመስለኛል፤ ዜማው እስትንፋስን ይለካል፣ ምቱ እርምጃን ያስተካክላል፣ የጋራው ድምፅም ድካምን ያስረሳል።

እንግዲህ የሰፈር ወይም የከተማ ሩጫ የሚያዘጋጅ ሁሉ፣ ፈጣኖቹን አስቀድሞ ሌላውን በየተራ ቢያስነሣ፣ ውኃውን እስከ ኋለኛው ሯጭ እንዲዳረስ አድርጎ ቢያከማች፣ ሙዚቃውን በዳገቱ ራስጌ ቢያኖር፣ ለፈጸመውም ሁሉ ሜዳሊያ ቢያጠልቅ፣ ይህ ለጌጥ የተጨመረ ሳይሆን ከሥጋና ከልቡና ሕግ ጋር የሚስማማ ሥራ ነው። ሯጩም በበኩሉ የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር ከሚመኘው ዝግ ብሎ ይነሣ፤ ሰዓቱን የሚያሻሽልበት ሌላ ቀን ያገኛል፣ ከብዙ ሺሕ ወገን ጋር በአንድ እርምጃ የሚሄድበት ቀን ግን በዓመት አንድ ጊዜ ነውና።