ጎተራና የገጠሩ ትምህርት ቤት

በጎተራ ሰፈር ከማስተምራቸው ተማሪዎች አንዱ፣ «መምህር፣ መሐንዲስ ብሆን ለማን ልሥራ?» ሲል ጠየቀኝ። መልሱን ያገኘሁት ከታሪክ ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1954 የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ኮሌጅ በአዲስ አበባ ተቋቋመ። በ1960ዎቹም የስዊድን ወጣት በጎ ፈቃደኞች ወደየጠቅላይ ግዛቱ ወርደው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ሥራ ይመሩ ነበር። ይሁን እንጂ የሚደነቀው የእንግዶቹ ትጋት ብቻ አይደለም፤ ባላገሩም ገንዘቡንና ጉልበቱን ማዋጣቱ ነው። ሰው ያዋጣበትን ቤት እንደ ራሱ ቤት ይጠብቀዋልና።

በ1964 ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በአገር ቤት እንዲያገለግሉ ደነገገ፤ አብዛኞቹም መምህራን ሆነው ሄዱ።

እንግዳ ሠርቶ ይሄዳል። ክረምት ገብቶ ቆርቆሮው ሲያፈስ የሚጠግነው የመንደሩ ሰው ነው። ስለዚህ በጎ ፈቃደኛው መሐንዲስ ሕንፃውን ብቻ ሳይሆን ሙያውንም አስተምሮ መሄድ ይገባዋል፤ አለዚያ የደከመበት ሁሉ በጥቂት ዓመት ይፈርሳል።

አንባቢ ሆይ፣ ከተማችን የተማረ ሰው ጎተራ ሆናለች። በጎተራ የከረመ ዘር ካልተዘራ ግን የነቀዝ ሲሳይ ነው። ለተማሪዬም፣ «መጀመሪያ ለአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ሥራ፤ ስትመለስ ግን መጠገን የሚችል ሰው ትተህ ና» አልሁት።