ያልተጻፈ ማስጠንቀቂያ ስንት ያስከፍላል?

ቴክሳስ ውስጥ አሠሪ ከማሰናበቱ በፊት ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ የሚያስገድደው ሕግ የለም። ውል ካላሰረው፣ እንደ ዘርና ሃይማኖት ያለ የተከለከለ ምክንያትም ከሌለበት፣ ዛሬውኑ «በቃህ» ማለት ይችላል። ጋርላንድ ወይም ሪቻርድሰን ውስጥ ምግብ ቤት የከፈተ ወገናችን «ታዲያ ወረቀቱ ለምኔ?» ቢል አይገርምም። ሒሳቡ የሚመጣው ከስንብቱ በኋላ ነው።

የተሰናበተው ሰው የሥራ አጥነት ክፍያ ለማግኘት ለቴክሳስ ወርክፎርስ ኮሚሽን ያመለክታል። ጥፋቱን የማስረዳት ሸክም ደግሞ የአሠሪው ነው። ማስረዳት ካቃተው ክፍያው በሒሳቡ ሊመዘገብና ለቀጣይ ዓመታት የሥራ አጥነት ግብር ምጣኔውን ሊያንረው ይችላል። ግብሩ የሚታሰበው ከእያንዳንዱ ሠራተኛ የዓመት ደመወዝ የመጀመሪያዎቹ 9,000 ዶላር ላይ ነው። አዲስ አሠሪ በተለመደው 2.7 በመቶ በነፍስ ወከፍ 243 ዶላር ይከፍላል፤ ጣሪያው ከ6 በመቶ ስለሚያልፍ ከ540 ዶላር በላይ ይሆናል። አንድ ስንብት ብቻውን ጣሪያ ላይ አያደርስም። ሠራተኛ በየወሩ የሚለዋወጥበት ቤት ግን ለእያንዳንዱ አዲስ ሠራተኛ 9,000ውን ከዜሮ ይጀምራል።

የእኛ ሰው ኩሽና ውስጥ ይጮኻል፣ ዘመድ ልኮ ያስመክራል፣ መጨረሻ ላይ ያባርራል። ሠራተኛው የቤተ ክርስቲያን ወይም የዕድር ወዳጅ ስለሆነ ደብዳቤ መጻፍ እንደ ክስ ይቆጠራል። እኔ ግን ጩኸቱን ነው ንቀት የምለው። «ይንቀኛል» የሚል ደብዳቤም ምንም አያስረዳም። ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳዘዘ፣ ሠራተኛው ምን እንደመለሰ፣ ቢደገም ምን እንደሚከተል ይጻፍ። ፊርማው ደብዳቤው መድረሱን እንጂ ጥፋቱን ማመኑን እንደማያሳይ ይነገረው፤ አልፈርምም ካለም ይኸው ተጽፎ ምስክር ይፈርምበት።

እምቢታ ሁሉ ግን አለመታዘዝ አይደለም። ሁለት አስተናጋጆች ተባብረው የጉርሻ ክፍፍሉን ቢቃወሙ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣው የፌዴራል የሥራ ግንኙነት ሕግ ይጠብቃቸዋል፤ ለዚህ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ዞሮ አሠሪውን ያስከስሳል።

አገር ቤት ወረቀቱን ሕጉ ራሱ ይጠይቃል፦ በአዋጅ 1156/2011 በስድስት ወር ስምንት ጊዜ ያረፈደን ሠራተኛ ያለማስጠንቀቂያ ጊዜ ለማሰናበት፣ አስቀድሞ በጽሑፍ ተነግሮት መሆን አለበት። ቴክሳስ አስቀድሞ አይጠይቅም፤ ክርክሩ ሲመጣ ግን ይፈልገዋል።

የኮሚሽኑ ማስታወቂያ ሲደርሳችሁ አታቆዩት። የመልስ ጊዜው 14 ቀን ነው፤ የሚቆጠረውም ፖስታውን ከከፈታችሁበት ሳይሆን ከተላከበት ቀን ነው።