ቮልስና ጃንሆይ፦ የሚወራውና የሆነው

ከካዛንቺስ ቁልቁል ወደ መስቀል አደባባይ የሚወርድ ሰው አፍሪካ አዳራሽን በግራ፣ ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥትን በቀኝ ያገኛል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከዚሁ ግቢ ይዛ የወጣችው አንዲት ቮልስ ነበረች። ስለ ቮልስ የሚወራው ግን ሁሉ እንደዚህ እውነት አይደለም።

መኪናዋ ጃንሆይን በቀጥታ ወደ ሞት እንደወሰደቻቸው የሚተርክ አይጠፋም። ጉዞው እንኳ አጭር ነበር፤ እዚያው ቂርቆስ ውስጥ እስከ አራተኛ ክፍለ ጦር፣ ሰኔ 1966 ደርግ ወደተቋቋመበት ግቢ። ኋላ ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ተዛወሩና ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ነሐሴ 21 ቀን 1967 እዚያ አረፉ። ደርግ በሕመም ሞቱ አለ። ከሥርዓቱ መውደቅ በኋላ በተካሄደው ችሎት ግን ታፍነው መገደላቸውን የሚያመለክት ማስረጃ ቀረበ። አፅማቸው ከቤተ መንግሥቱ ግቢ የወጣው በ1984 ሲሆን፣ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያረፈው ጥቅምት 26 ቀን 1993 ነው።

ሮልስ ሮይስ የለመዱ ንጉሥ በቮልስ መወሰዳቸው እንደ ውርደት ይነገራል። ይሁን፤ ነገር ግን ቮልስን የድሃ አገር መኪና ማድረግ ስህተት ነው። አሜሪካዊው ቤተሰብ ልጅና ሻንጣውን በሼቭሮሌ ሼቬል ስቴሽን ዋገን ጭኖ በሚጓዝበት በዚያ ዘመን፣ ቮልስም እዚያው አሜሪካ በየዓመቱ በመቶ ሺዎች ትሸጥ ነበር።

«የሂትለር መኪና» የሚለው ስምስ? ከፊሉ ልክ ነው፤ ያሠራት እሱ፣ የነደፋት ፈርዲናንድ ፖርሼ ነው። ግን ቴምብር እየገዙ በቁጠባ ከከፈሉት ከ300 ሺህ በላይ ጀርመናውያን አንዱም መኪናውን አልተረከበም፤ ጦርነቱ ፋብሪካውን ወሰደው። ለሕዝብ በብዛት መመረት የጀመረችው በ1945 እ.ኤ.አ. መጨረሻ፣ ፋብሪካውን በተረከበው የእንግሊዝ ጦር መኮንን በአይቫን ኸርስት አመራር ነው። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ በ2003 እ.ኤ.አ. ስትወጣ ቁጥሩ ከ21 ሚሊዮን አልፎ ነበር።

አሽከርካሪዎች ዘንድ የቆየው ተረት ደግሞ «ቮልስ ውሃ ስለማትጠጣ አትግልም» የሚለው ነው። ራዲያተር የላትም፣ እውነት ነው። ከኋላ የተቀመጠውን ሞተር የሚያቀዘቅዙት በቺንጋ የሚዞር ማራገቢያና የሞተሩ ዘይት ናቸው። ያው ቺንጋ ዲናሞውንም ያዞራል። ስለዚህ ዳገት ላይ የዲናሞው ቀይ መብራት ቢበራ ነገሩ የባትሪ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ቺንጋው ተበጥሶ ከሆነ ማራገቢያውም ቆሟል፣ ሞተሩ ሳይቃጠል ወዲያው ማጥፋት ነው።