የባለሙያ ማኅበር ስለ ጋብቻ ሕግ ሲናገር

«የአሜሪካ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ማኅበር የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን ደገፈ።» እንዲህ ያለ ወሬ በስልክ እየዞረ ጎብዬም ይደርሳል። ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ዳር ሻይ እየጠጣ ያነበበው ሰው ለጎረቤቱ ያሳየዋል። ጎረቤትየውም ይጠይቃል፦ «ሐኪም በጋብቻ ሕግ ምን አገባው?» ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን ትንሽ ይረዝማል።

በመጀመሪያ እነማን ናቸው? የሥነ ልቦና አማካሪ መድኃኒት ሳያዝ፣ በንግግር ጭንቀትን፣ ሐዘንንና የትዳር ጠብን የሚያክም ባለሙያ ነው። እኛ ዘንድ ይህን ሸክም በአብዛኛው የሚሸከሙት የንስሐ አባቱ፣ ሼኹ፣ ሽማግሌውና አበጋሩ ናቸው። እዚያ ግን ፈቃድ የሚጠየቅበት፣ በሰዓት የሚከፈልበት ሥራ ነው። ማኅበሩ ደግሞ አባላት በየዓመቱ መዋጮ የሚከፍሉበትና የሙያውን ሥነ ምግባር የሚደነግግ ድርጅት ነው። መንግሥት አይደለም፤ ሕግም አያወጣም።

ታዲያ ለምን ይናገራል? ብዙ ባልና ሚስት ያስታረቀ ሽማግሌ ጠቡ ሁሉ ከአንድ የመሬት ደንብ እንደሚነሣ ካየ፣ ማስታረቁን ሳይተው ለቀበሌው መናገሩ አይቀርም። አማካሪዎቹም ማኅበራቸውን የወተወቱት በዚሁ ምክንያት ነው። ያኔ አብረው ሃያ ዓመት ከኖሩ የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች አንዱ ሲታመም ሌላው በሕግ ዘመድ አልነበረም። ልጅ ቢያሳድጉ ብዙ ጊዜ ከሁለቱ አንዱ በወረቀት ወላጅ አይሆንም ነበር። ጭንቀቱ ተጠራቅሞ የሚመጣው ወደ አማካሪው ነበር።

ገንዘቡንም እናንሣ። ኢዲት ዊንዘር የተባለች የኒው ዮርክ ሴት ከ40 ዓመት በላይ አብራት የኖረችውን ሴት በ2007 እ.ኤ.አ. ካናዳ ሄዳ አገባች። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላዋ ሞተች። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ጋብቻቸውን ስላላወቀው ዊንዘር ለውርሱ 363,053 ዶላር ግብር ከፈለች። ባሏ ቢሞትባት ኖሮ ይህን ግብር አትጠየቅም ነበር። ከስሳ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደች፤ በ2013 ተፈረደላት።

«ይህ የስሜት እንጂ የሳይንስ ጉዳይ አይደለም» ይሉ ይሆናል። እዚህ ላይ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ነው፤ ሙያው ራሱ ለረጅም ጊዜ ከዛሬው አቋሙ ተቃራኒውን ይል ነበርና። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ለተመሳሳይ ጾታ መሳብን በበሽታ ዝርዝሩ ውስጥ መዝግቦት ነበር። በ1957 እ.ኤ.አ. ግን ኢቭሊን ሁከር የተባለች ተመራማሪ 30 እንዲህ ያሉ ወንዶችንና 30 ሌሎች ወንዶችን በሥነ ልቦና ፈተና አወዳደረች። ውጤቱን ያዩት ሊቃውንት የማን ወረቀት የማን እንደሆነ መለየት አቃታቸው።

የሐኪሞቹ ማኅበር አመራር በታኅሣሥ 1973 እ.ኤ.አ. ከዝርዝሩ አወጣው። የተቆጡ አባላት ፊርማ አሰባስበው በዓመቱ ለአባላት ሁሉ ድምፅ እንዲቀርብ አደረጉ። 5,854 ሐኪሞች ውሳኔውን ደገፉ፤ 3,810 ተቃወሙ። በሽታ በድምፅ ይወሰናል ወይ ብሎ የሚስቅ ሰው አለ፤ መሳቁም አይፈረድበትም። ግን ድምፅ እንዲሰጥ የጠየቁት ውሳኔውን የተቃወሙት ነበሩ። ከተቃዋሚዎቹ ፊት የነበረው ቻርልስ ሶካሪደስ ነው። (ልጁ ሪቻርድ በኋላ ለተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች መብት የሚሟገት የፕሬዚዳንት ክሊንተን አማካሪ ሆነ። ቤተሰብ እንዲህ ነው።)

አሁን ወደ ጋብቻው። አንድ ማኅበር አቋም የሚይዘው መሪው ማይክ ይዞ ስለተናገረ አይደለም። ጥቂት አባላት ረቂቅ ይጽፋሉ። ጉዳዩን የሚያውቁ ሰዎች ያሉበት ቡድን ጥናቶችን ሰብስቦ ረቂቁን ይመረምራል። ከዚያ የአባላት ተወካዮች ምክር ቤት ተከራክሮ ድምፅ ይሰጣል። በዚህ መንገድ የሥነ ልቦና ባለሙያዎቹ ማኅበር በሐምሌ 2004 እ.ኤ.አ. ለተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች ጋብቻን መከልከል መድልዎ ነው የሚል ውሳኔ አሳለፈ። የአእምሮ ሐኪሞቹ ማኅበር በ2005 ተከተለው። በ2011 የሥነ ልቦናው ማኅበር ምክር ቤት አቋሙን ሲያጠናክር 157 ደገፉ፤ አንድም ተቃዋሚ አልነበረም። ከሁሉም የቀደሙት የሥነ ልቦና ትንታኔ ሐኪሞች ናቸው፤ እነሱ በ1997 ነው የደገፉት።

ውሳኔው መደርደሪያ ላይ አይቀርም። የማኅበሩ ጠበቆች ፍርድ ቤት የሚገባ ጽሑፍ ያዘጋጁበታል። ከሳሽም ተከሳሽም ያልሆነ ወገን ለዳኞች እውቀቱን በጽሑፍ የሚያቀርብበት ሥርዓት አለ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰኔ 26 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ጋብቻውን በመላ አገሪቱ ሲፈቅድ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ከማኅበራቱ ቀርቦለት ነበር። ዳኞቹ የተከፈሉት 5 ለ 4 ነው። የባለሙያ ቃል ክርክሩን አልጨረሰውም ማለት ነው።

በጽሑፎቹ ከሚጠቀሱት ማስረጃዎች አንዱ በ2010 የወጣ ጥናት ነው። ጋብቻውን በሕገ መንግሥት በከለከሉ ግዛቶች ከሚኖሩ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች መካከል እንደ ድባቴ ያሉ የስሜት ሕመሞች በ36.6 በመቶ ጨመሩ። ክልከላ ባላወጡት ግዛቶች እንዲህ ያለ ጭማሪ አልታየም። ሕጉ ብቻውን አመጣው ለማለት ይህ ጥናት ለብቻው አይበቃም፤ ንቆ ለማለፍ ግን ይከብዳል።

በእኔ አስተያየት የማኅበር ቃል የሚከብደው በሚያውቀው ልክ ሲናገር ነው። ጋብቻ በእግዚአብሔር ፊት ምን እንደሆነ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሊነግረን አይችልም፤ ይህ የቄሱና የሼኹ ነው። አንድ ሕግ በሰው ጤና ላይ ምን እንደሚያደርስ ግን እሱን መጠየቅ ይገባል።

ዋጋውስ? አባላት ይከፋፈላሉ። ሶካሪደስና መሰሎቹ በ1992 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ውሳኔው የማንንም እምነት በግድ አይለውጥም፤ ነገር ግን ከማኅበሩ አቋም የተለየ አባል በመዋጮው የማይስማማበት ነገር ይሠራል። ይህ ቅሬታ ቀላል አይደለም።

በአገራችን የባለሙያ ማኅበር ስለ ጋብቻ ሕግ ተናግሮ አያውቅም እንዳይሉ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር፣ በመዓዛ አሸናፊ መሪነት፣ የቤተሰብ ሕጉ እንዲሻሻል ተሟገተ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ዕድሜውን 18 አደረገው፤ ባል የቤተሰቡ አለቃ ነው የሚለውንም ሰረዘ። የአማራ ክልል የራሱን የቤተሰብ ሕግ ያወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ጎብዬም የሚሠራው እሱ ነው።

የሴት የሕግ ባለሙያዎቹ ማኅበርም ዋጋውን ከፍሏል። በ1994 ዓ.ም. መባቻ መንግሥት ለሳምንታት አገደው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ በመብት ላይ የሚሠራ ማኅበር ከውጭ የሚያገኘው ገንዘብ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ሲያደርግ አብዛኞቹን ሠራተኞቹን አሰናበተ። ያ አዋጅ የተሻረው በ2011 ዓ.ም. ነው።

«የአሜሪካኖቹ ውሳኔ እኛን ይነካል ወይ?» አይነካም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸም ግንኙነትን በእስራት ይቀጣል፤ ማክበጃ ሲኖር ደግሞ ቀጣዩ አንቀጽ ቅጣቱን ያከብደዋል። የቤተሰብ ሕጉም ጋብቻን በወንድና በሴት መካከል ያለ አድርጎ ነው የሚደነግገው።

አሜሪካ ያለ ዘመድዎ እዚያ የተጋባበትን ወረቀት ይዞ ቢመጣስ? የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 5 በውጭ አገር በዚያው አገር ሕግ የተፈጸመን ጋብቻ ይቀበላል፤ የሕዝብን ሞራል የሚቃረን ካልሆነ ብሎ። ድርጊቱን የወንጀል ሕጉ በሚቀጣበት አገር ይህን ወረቀት ተቀብሎ የሚመዘግብ መሥሪያ ቤት ይገኛል ብለው አይጠብቁ።