የመድኃኒት አቤቱታ እንደ ሌላ ዕቃ አቤቱታ አይታይም

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለው አባቶቻችን የተናገሩት ስለ ሕመምተኛው ነበር። ዛሬ ግን ይህ ቃል መድኃኒት ለሚያስመጣው፥ ለሚያከፋፍለውና ለሚቸረችረው ነጋዴ ጭምር የሚገባ ሆኗል። አንድ መድኃኒት ሰውን እንደ ጎዳ ተሰምቶ ወሬው በሱቅ መደርደሪያ ወይም በጸሐፊ ፋይል ውስጥ የቀረ እንደ ሆነ፥ ለጉዳቱ መፍትሔ የሚፈልግለት አይኖርም። ይህን የምጽፈው በንባብ ካገኘሁት ብቻ ሳይሆን፥ በገዛ እጄ ካጠፋሁት ጥፋት ተምሬ ነው።

እኔ በጸሐፊነት የማገለግልበት የንግድ ቤት ከአዲስ አበባ አስመጪዎች መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ እየተረከበ፥ ከባሕር ዳር ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ላለችው ለአዴት፥ እንዲሁም በደብረ ማርቆስ በኩል በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ ለሚገኙት ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ መድኃኒት ቤቶች ያከፋፍላል። የእኔ ሥራ ደብዳቤ መቀበል፥ የደረሰበትን ቀን የሚያሳይ ማኅተም መምታትና በየፋይሉ ማስገባት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአዴት የሚገኙ አንድ ባለመድኃኒት ቤት በአውቶቡስ ሾፌር እጅ አንድ ካርቶንና አንዲት ቁራጭ ወረቀት ላኩልን። ወረቀቲቱ፥ ኮትሪሞክሳዞል የተባለውን የሰልፋ መድኃኒት የወሰደ አንድ ገበሬ ሰውነቱ ሽፍ ማለቱንና አፉ መቁሰሉን ገልጻ፥ የቀረው ዕቃ ተመልሶ ሒሳቡ እንዲተካላቸው ትጠይቃለች።

እኔም ማኅተሜን መትቼ ወረቀቲቱን «ተመላሽ ዕቃ» በሚለው ፋይል ውስጥ፥ ከተሰበረ ጠርሙስና እርጥበት ከነካው ካርቶን ደብዳቤ ጋር አኖርኳት። በሳምንቱ መጨረሻ ለአስመጪው በሚላከው የተመላሽ ዕቃ ዝርዝር ላይ፥ ምክንያት በሚለው ዓምድ «ሽፍታ» ብዬ ጻፍኩ። ሥራዬን በሚገባ የፈጸምኩ መስሎኝ ነበር።

ወረቀቲቱ በደረሰችን በዘጠነኛው ቀን ከውጭ አገር ስልክ ተደወለ። የደወለችው ሴት የፋብሪካው ሠራተኛ አይደለችም፤ ለብዙ የመድኃኒት ፋብሪካዎች እንዲህ ያለውን ወሬ በውል እየተቀበለ የሚመዘግብ የሌላ ድርጅት ባልደረባ መሆኗን ነገረችኝ። አስመጪው «ሽፍታ» የምትለውን ቃል አይቶ ለፋብሪካው አስተላልፎ ኖሯል። ሴቲቱ በትሕትና አራት ነገር ጠየቀችኝ፤ ወሬውን ያመጣው ማን ነው? የታመመው ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? የወሰደው መድኃኒት የትኛው ነው? የደረሰበትስ ጉዳት ምንድን ነው? በመጨረሻም «እናንተ ዘንድ የተሰማው በየትኛው ቀን ነው?» አለችኝ። ፋይሉን ገልጬ የገዛ ማኅተሜን ቀን ሳነብላት ድምፄ ዝቅ እንዳለ አስታውሳለሁ።

ነገሩን ለአሠሪዬ ባስረዳሁ ጊዜ ጥቂት ዝም ብለው፥ «ካርቶኑን ተቀበልን፤ ሰውዬውንስ ማን ጠየቀው?» አሉኝ። በዚያ ቀን የአዴት ስልክ አልሠራ ብሎ መልእክት የላክነው እንደ ገና በሾፌር እጅ ነበር። የተመለሰልን መልስ ይህ ነው። ገበሬው ሽፍታው ሲጀምረው መድኃኒቱን ትቶ ጥቂት ተሻለው፤ ኋላም ገንዘብ የወጣበት ነውና ይባክናል ብሎ የቀረውን ፍሬ ጀመረ። ይህን ጊዜ ቆዳው እንደ ተቃጠለ ሰው ተገፈፈ፤ ቤተ ዘመድ ተሸክሞ ወደ ባሕር ዳር አደረሰው። እግዚአብሔር ይመስገን ሕይወቱ ተርፏል፤ ዳሩ ግን ዓይኑን የፀሐይ ብርሃን እስከ ዛሬ ይወጋዋል።

መድኃኒቱ የተበላሸ አልነበረም። ኮትሪሞክሳዞል ብዙ ሰው የሚድንበት መድኃኒት ነው። ነገር ግን የሰልፋ መድኃኒቶች አልፎ አልፎ በአንዳንድ ሰው ላይ ቆዳን፥ አፍንና ዓይንን የሚያቆስል ከባድ ሕመም ያስነሣሉ። እንዲህ ያለ ምልክት የታየበት ሰው ወዲያው አቁሞ ወደ ሐኪም መሄድ፥ ከዚያም በኋላ ያን መድኃኒት ዳግመኛ አለመውሰድ ይገባዋል። ያቺን ቁራጭ ወረቀት በደረሰችበት ቀን እንደ ሕመም ወሬ አንብበናት ቢሆን ኖሮ፥ «ይህ ሰው ከእንግዲህ አይውሰድ፤ ሐኪም ይየው» የሚል ቃል በማግሥቱ አውቶቡስ ወደ አዴት ይደርስ ነበር።

ስለዚህ በውል ስለሚሰጠው ሥራ ጥቂት ማወቅ ለእኛ ለነጋዴዎች ይጠቅማል። ዛሬ ታላላቆቹ የመድኃኒት ፋብሪካዎች የደንበኛን ጥያቄ የሚቀበለውን የስልክ ሥራና የጉዳት ወሬ የሚመዘገብበትን ሥራ፥ በተለይም በህንድና በፊሊፒንስ ለሚገኙ ድርጅቶች በውል ይሰጣሉ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ሥራው ሌሊትና ቀን ሰው የሚፈልግ፥ በብዙ ቋንቋ የሚከናወን፥ ወጪውም ከፍ ያለ ነው። ነገር ግን ሥራው በውል ቢሰጥም ኃላፊነቱ አብሮ አይሄድም። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መሠረት ከባድ ጉዳት በ15 ቀን፥ ቀላሉ ደግሞ በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ቀኑም መቆጠር የሚጀምረው ወሬው ከፋብሪካው ዋና መሥሪያ ቤት ሲደርስ ሳይሆን፥ አራቱ ነገሮች ከፋብሪካው ሠራተኞች ወይም በውል ከሚሠሩለት ከአንዱ ዘንድ ከተሰሙበት ቀን አንሥቶ ነው። ጥንቁቅ የሆነ ፋብሪካ ከተቋራጩ ጋር በየጊዜው ቁጥር ያስተያያል፤ «አንተ ይህን ያህል ላክህ፥ እኔ ይህን ያህል ተቀበልኩ» ተባብለው በመካከል የጠፋ አለመኖሩን ያረጋግጣሉ። ይህም በእኛ አገር ገንዘብ ያዥና ሒሳብ ሹም በወር መጨረሻ ከሚያደርጉት የሒሳብ ማመሳከር የተለየ አይደለም።

ይህ ሁሉ ሥርዓት የተሠራው በከንቱ አይደለም። በጀርመን አገር ግሩነንታል የተባለው ፋብሪካ ታሊዶማይድ የተባለውን የማስተኛ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1957 ለገበያ አቀረበ፤ ነፍሰ ጡር ሴቶችም ለማቅለሽለሽ ይወስዱት ጀመር። ከዚያም እጅና እግራቸው ያልተሟላ ሕፃናት በየአገሩ ተወለዱ፤ ቁጥራቸውም ከ10,000 በላይ እንደ ሆነ ይገመታል። አውስትራሊያዊው ሐኪም ዊልያም ማክብራይድ ያየውን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1961 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ በአጭር ደብዳቤ አስታወቀ፤ መድኃኒቱም ከጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ከጀርመን ገበያ ተነሥቶ ነበር። ከዚህ ጥፋት በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1968 በዐሥር አገሮች የመድኃኒት ጉዳት ክትትል ጀመረ፤ ማዕከሉም ኋላ በስዊድን አገር በኡፕሳላ ከተማ ሆነ። አገራችን ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2008 የዚህ ማኅበር ሙሉ አባል ሆናለች። ስለዚህ በአዴት የታየ ጉዳት በሥርዓቱ ከተመዘገበ ኡፕሳላ ድረስ ሄዶ ከሌላው ዓለም ወሬ ጋር ይመዘናል።

ዕቃው ራሱ የተበላሸ ሲሆን ደግሞ የወሬው ፍጥነት የብዙ ሰው ሕይወት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በጋምቢያ ከ60 የሚበልጡ ሕፃናት በኩላሊት ጉዳት ሞቱ። ከህንድ አገር የገቡ የሳል ሽሮፖች መርዛማ ኬሚካል ተቀላቅሎባቸው ተገኙ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ማስጠንቀቂያ አወጣ። አገራችን የምትጠቀምበት መድኃኒት አብዛኛው በመርከብና በአውሮፕላን ከውጭ የሚገባ ስለ ሆነ፥ ይህ ነገር እኛን አይመለከተንም ሊባል አይቻልም።

በእኛ አገር ይህን ሥራ የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሲሆን፥ የሚሠራበትም ሕግ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። ባለሥልጣኑ ያዘጋጀው ቢጫ ቅጽ አለ፤ ሐኪምም ሆነ ባለመድኃኒት ቤት ሞልቶ ይልከዋል። በነፃ የሚደወልበትም የስልክ ቁጥር 8482 ነው።

አንዳንድ ነጋዴዎች ግን ይህን ነገር ሲሰሙ ይፈራሉ። «ወሬውን ካስተላለፍኩ ዕቃዬ መጥፎ ነው ይባልብኛል፤ የቀረው ካርቶን አይሸጥልኝም» ይላሉ። እኔም ይህን አሳብ አውቀዋለሁ። ነገር ግን ጉዳትን ማስታወቅ በዕቃው ላይ መፍረድ አይደለም። ከላይ እንዳልኩት መድኃኒቱ ደኅና ሆኖ የሰውዬው ሰውነት ያልተቀበለው ሊሆን ይችላል፤ ይህን መርምሮ የሚወስነው ባለሙያው ነው። ከነጋዴው የሚፈለገው ጥርጣሬውን በጊዜው መናገር ብቻ ነው። ይልቁንም ለንግድ ቤት ስም አስጊ የሚሆነው፥ ማኅተም የተመታባት ወረቀት ዘጠኝ ቀን በፋይል ውስጥ ተኝታ መገኘቷ ነው።

ከዚያ ወዲህ በእኛ ቤት የተደረገው ለውጥ ብዙ ገንዘብ የጠየቀ አይደለም። «የጤና ወሬ» የሚል ለብቻው የሆነ መዝገብ ገዛን። በየገጹ የባለወሬው ስምና አድራሻ፥ የሕመምተኛው ዕድሜና ጾታ፥ የመድኃኒቱ ስም ከባች ቁጥሩና ከአገልግሎት ማብቂያ ቀኑ ጋር፥ የደረሰው ጉዳት፥ በመጨረሻም እኛ ዘንድ የተሰማበት ቀን ይጻፋል። የሕመምተኛው ስም ግን ምስጢር ስለ ሆነ ለሌላ ሰው አይነገርም። በዚህ መዝገብ የተጻፈ ነገር በዚያው ቀን ለአስመጪውና ለባለሥልጣኑ ሳይነገር የቢሮው በር አይዘጋም። ለአዴት፥ ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ ደንበኞቻችንም አንድ ነገር አደራ ብለናል፤ ስለ መድኃኒት ጉዳት የሚጽፉት ወረቀት ስለ ተመላሽ ዕቃ ከሚጽፉት ጋር እንዳይቀላቀል፥ ስልክ በማይሠራበትም ጊዜ በመጀመሪያው አውቶቡስ እንዲልኩት፥ ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሕመምተኛውን መድኃኒቱን ከመውሰዱ አግደው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሰዱት።

አስመጪዎችም በበኩላቸው ከፋብሪካ ጋር የውክልና ውል ሲዋዋሉ አንድ ጥያቄ እንዲያነሡ እለምናለሁ። ይኸውም «የጉዳት ወሬ ሲመጣ የምነግረው ለማን ነው? በየትኛው ስልክ? መቀበሉንስ በምን አውቃለሁ?» የሚል ነው። የዋጋና የኮሚሲዮን አንቀጽ ተነብቦ ተነብቦ ሲያልቅ፥ ይህ አንቀጽ ሳይነበብ የሚፈረምበት ጊዜ ብዙ ነው።

ያ የአዴት ገበሬ ዛሬም አልፎ አልፎ ቅዳሜ ገበያ ይወጣል፤ ባለመድኃኒት ቤቱም ሲያገኙት ሰላምታ ይሰጡታል። በደብተራቸው ላይ ከስሙ ጎን «ሰልፋ አይሰጥ» ብለው በቀይ ጽፈዋል። እኔም ያቺን ቁራጭ ወረቀት ከተመላሽ ዕቃ ፋይል አውጥቼ በአዲሱ መዝገብ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ለጥፌአታለሁ።