ደጋውን ስንጎበኝ ምን አይተን እንመለሳለን?

አገር መጎብኘት ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ካሜራ በአንገቱ ያንጠለጠለ ፈረንጅ ነው። የእኛ ሰው ከቤቱ የሚወጣው ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለዚያራ፣ ለንግድ ወይም ለሕክምና ነው። ዛሬ ግን ይህ ልማድ እየተለወጠ ነው። የትምህርት ቤት ክበባት፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞችና የጓደኛሞች ማኅበራት ገንዘብ አዋጥተውና አስጎብኚ ይዘው ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። ይህ በጎ ነገር ነው፤ አገሩን የማያውቅ ሰው ራሱንም በሚገባ አያውቅምና።

ሆኖም አንድ ጥያቄ አብሮ ይነሳል። የሰው ልጅ የሚኖርበትን ቀዬ እንደ ሐይቅና እንደ ተራራ "መጎብኘት" ይቻላልን? ሐይቅ ቢያዩት አይከፋውም። ሰው ግን መታየቱን ያውቃል፤ የሚያየውንም ይመዝናል። በሴሚስተሩ ዕረፍት ከተማሪዎቻችን ጋር ወደ ዶርዜና ወደ ኮንሶ ደጋ በተጓዝንበት ጊዜ ከሁሉ በላይ ያነጋገረን ይኸው ጥያቄ ነው።

ወደ ዶርዜ ዳገት

አርባ ምንጭ በስምጥ ሸለቆ ግርጌ፣ በዓባያና በጫሞ ሐይቆች አናት ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። ከዚያ ወደ ጨንቻ የሚወስደው መንገድ እየተጠማዘዘ ሲወጣ የሙዝ እርሻው ወደ ኋላ ይቀርና እንሰትና ቀርከሃ ይተካል። ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ከሆነው ቆላ ተነስቶ ከ2,500 ሜትር በላይ ወደሆነ ብርድ መግባት የአንድ ሰዓት ጉዳይ ነው። ሹራብ ያልያዘ ተማሪ የመልክዓ ምድር ትምህርቱን እዚያው በሰውነቱ ይማራል።

የዶርዜ ቤት በቀርከሃ እንደ ቅርጫት ተጠልፎ የሚሠራ፣ ከፍታው ሲበዛ እስከ 12 ሜትር እንደሚደርስ የሚነገርለት ቤት ነው። ከፊት ለፊት ሲያዩት መግቢያው እንደ ኩምቢ፣ ከላይ ያሉት ሁለት የጭስ መውጫዎች እንደ ዓይን ሆነው ዝሆንን ይመስላል። ምስጥ ከሥር ሲበላው የተበላው ክፍል ተቆርጦ ይጣላል፤ ቤቱም በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ያረጀ ቤት አጭር፣ አዲስ ቤት ረጅም ነው። ቦታ መለወጥ ካስፈለገም ጎረቤት ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ ያዛውረዋል። ጎረቤት የሌለው ሰው ይህን ቤት ሊያዛውር አይችልም ማለት ነው።

ከቤቱ ጓሮ እንሰት አለ። ግንዱ ይፋቃል፤ የተፋቀው በቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ይብላላል፤ ከዚያ ቆጮ ሆኖ ይጋገራል። በአገራችን ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ኑሮውን በዚህ ተክል ላይ የመሠረተ እንደሆነ ይገመታል። ዝናብ ባጠረበት ዓመት እህል ሲከዳ እንሰት ጸንቶ ይቆማል። ደጋውን ከረሃብ ሲጠብቅ የኖረ ጥበብ ነው እንጂ የቱሪስት ማሳያ አይደለም።

ዶርዜ ግን ከሁሉ በላይ የሚታወቀው በሽመና ነው። ሴቶች ይፈትላሉ፤ ወንዶች ይሸምናሉ። አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሄዶ ጋቢ ወይም ነጠላ የገዛ ሰው፣ ሻጩን ባይጠይቀውም፣ የእነዚህን ደገኞች እጅ ሥራ ለብሷል። አንድ አዛውንት ሸማኔ እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ አድርገው መወርወሪያውን ሲያመላልሱ ተማሪዎቻችን ከበቧቸው። ከመካከላቸው አንዱ "አባባ፣ ይህን ለመማር ስንት ዓመት ፈጀብዎ?" ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም እጃቸውን ሳያቆሙ "አንተ ፊደል ስትቆጥር እኔ ክር ቆጠርኩ" አሉት። ልጁ ካሜራውን ወደ ኪሱ መለሰና መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ክሩን ይቆጥር ጀመር።

የታሪካችን አንድ ገጽ

በዚህ ቦታ ላይ ለተማሪዎቻችን አንድ ነገር ማስታወስ አስፈልጎን ነበር። በአገራችን ሸማኔ ለረጅም ዘመን ሲናቅ ኖሯል። ሸማውን ለክት ልብስ ያደረገው ሰው፣ ሸማውን የሠራውን ሰው በክፉ ስም ይጠራው ነበር። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ይኖሩ ከነበሩት ሙስሊም አባቶቻችን ብዙዎቹ የርስት መሬት እንዳይዙ በመከልከላቸው መተዳደሪያቸውን ሽመናና ንግድ አድርገው ነበር። ይህ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ የዘለቀ ታሪክ ነው። እንግዲህ የመናቅን ጣዕም የቀመሰ ወገን በሌላው ላይ ዓይኑን አጥቦ "ኋላ ቀር ጎሳ" ሊል እንዴት ይቻለዋል? የሽማግሌው ጉድጓድና የአያቶቻችን ጉድጓድ አንድ ዓይነት ጉድጓድ ነው።

በድንጋይ የተጻፈ ትምህርት

ከአርባ ምንጭ ወደ ደቡብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ ካራት ይደርሳሉ፤ የኮንሶ ዋና ከተማ ናት። የኮንሶ ምድር ደረቅና ድንጋያማ ነው። ሕዝቡ ግን ድንጋዩን እያነሳ ካብ ካበበት፤ ካቡን እርከን አደረገው። አንዳንዱ ካብ እስከ 5 ሜትር ከፍታ አለው። እርከኑ አፈሩን ከጎርፍ ይጠብቃል፤ የመጣውን ጥቂት ዝናብ ይይዛል፤ የተረፈውን ውኃ በሥርዓት ያስወርዳል። በላዩ ማሽላ ይዘራል፤ በመሐሉ ሽፈራው ይተከላል፤ ቅጠሉ እንደ ጎመን ይበላል። ይህ ሥራ 21 ትውልድ ወይም ከ400 ዓመታት በላይ ያስቆጠረ ነው ይባላል። ዩኔስኮም የኮንሶን ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2003 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 2011) በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

መንደሮቹ በኮረብታ ላይ የተቆረቆሩ ሲሆኑ ከአንድ እስከ ስድስት ዙር በሚደርስ የድንጋይ ካብ ታጥረዋል። መተላለፊያው ጠባብ ስለሆነ ሰው ለሰው ቆሞ ያሳልፋል። በየመንደሩ "ሞራ" የሚባል አደባባይ አለ፤ ሽማግሌዎች ይመክሩበታል፣ ይዳኙበታል፣ ልጆች ይጫወቱበታል። በሞራው ላይ በሚሠራው የሣር ክዳን ቤት ወጣት ወንዶች ሌሊት ያድራሉ፤ እሳት ቢነሳ ወይም ጠላት ቢመጣ ፈጥነው የሚደርሱ እነሱ ናቸው። የትውልድ ሽግግር በሚከበርበት ጊዜም በአደባባዩ ረጅም ግንድ ይተከላል። ግንዶቹን የሚቆጥር ሰው የመንደሩን ዕድሜ ያውቃል።

ተማሪዎቻችን "ትምህርት ቤት ሳይኖር እንዴት አወቁት?" ብለው ጠየቁ። መልሱ ፊት ለፊታቸው ነበር። አባት ካቡ ሲፈርስ ልጁን ይዞ ይወጣል፤ ልጁ ድንጋይ እያቀበለ ያድጋል። የፈረሰ ካብ ቶሎ ካልተጠገነ በሚቀጥለው ዝናብ ከሥሩ ያለውን የጎረቤት እርሻም ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ የአንዱ ስንፍና የሌላው ረሃብ ነው።

የተሸኙ ሐውልቶች

ኮንሶዎች ጀግና ወይም የተከበረ ሰው ሲሞት "ዋካ" የሚባል የእንጨት ሐውልት ይቀርጹለታል። ከነዚህ ሐውልቶች ብዙዎቹ ከቆሙበት መቃብር እየተነቀሉ ተሰርቀዋል፤ ለጥንታዊ ዕቃ ሰብሳቢዎችም ተሸጠዋል። ከሌቦች የተያዙት ዛሬ ካራት በሚገኘው ሙዚየም ተቀምጠዋል።

እምነታችን ከዚህ ልማድ የተለየ መሆኑ ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ የሰውን አባት መታሰቢያ ነቅሎ መሸጥ ስርቆት ነው፤ የገዛውም የሌባው ተባባሪ ነው። ጉዳዩ የሚነግረን ሌላም ነገር አለ። ጎብኚ የሚፈልገው "ትዝታ" ገበያ ይፈጥራል፤ ገበያውም ሌባ ይፈጥራል። ስለዚህ መንገድ ዳር አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ሲያጋጥም ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ የገዢው ኃላፊነት ነው።

የቀረበልን ቅል

በአንድ ግቢ ውስጥ የቤቱ ባለቤት በቅል ጨቃ ይዘው ቀረቡ። ጨቃ ከማሽላ የሚጠመቅ የአገሩ መጠጥ ነው፤ ለእንግዳ ማቅረብም ክብር ነው። እኛ አንጠጣም። አንዳንድ ልጆች አፍንጫቸውን ሊይዙ ሲሉ አስጎብኚያችን፣ የዚያው አገር ወጣት፣ ቀደም ብሎ ገባ። በሴትዮዋ ቋንቋ "እነዚህ እንግዶች በሃይማኖታቸው አይጠጡም፤ ውኃ ቢሰጧቸው ይደሰታሉ" ብሎ እንደነገራቸው ኋላ ተረጎመልን። እሳቸውም ውኃ አመጡልን፤ የማሽላ ኩርኩፋ ከሽፈራው ቅጠል ጋር ጨመሩበት። በላን፤ መረቅናቸው፤ መረቁን።

ከዚህ የተማርነው፣ እምቢ ማለት ራሱ አያስቀይምም፤ የሚያስቀይመው የፊት መጨማደድ ነው። ሃይማኖቱን የሚጠብቅ ወጣት የሰውን ማዕድ ሳያዋርድ መጠበቅ ይችላል።

መታየት ሲሸጥ

ከዶርዜ ዳገት ጀምሮ የሚያሳዝን ነገርም አይተናል። ሕፃናት መኪና ሲያዩ ወደ አስፋልቱ ዘለው ይጨፍራሉ፤ ይገለባበጣሉ፤ "ሃይላንድ! ሃይላንድ!" እያሉ ባዶ የውኃ ጠርሙስ ይለምናሉ። በመስኮት ካራሜላ የሚወረውር መንገደኛ ደግ ሥራ የሠራ ይመስለዋል። ነገር ግን ሰዓቱን ልብ በሉ። የትምህርት ሰዓት ነው። በቀን የሚያገኘው ሳንቲም ከመምህሩ ድምፅ የበለጠ የሚጠራው ልጅ ደብተሩን መጣሉ አይቀርም። መኪናም ሊገጨው ይችላል።

ነገሩ እየከፋ ሲሄድ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ሩቅ አገር ማየት ይበቃል። በሰሜን ታይላንድ ተራሮች "አንገተ ረጅም" እየተባሉ የሚጎበኙ የካያን ሴቶች አሉ። እነዚህ ሰዎች ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከበርማ ጦርነት ሸሽተው የመጡ ስደተኞች ናቸው። ከልጅነታቸው የሚያጠልቁት የነሐስ ጥቅልል አንገታቸውን አያስረዝመውም፤ ትከሻቸውን ተጭኖ ዝቅ ያደርገዋል እንጂ። ጎብኚ የመግቢያ ገንዘብ ከፍሎ ያያቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን አንድ ቅሬታ በይፋ አሰማ። ከካያኖቹ አንዳንዶቹን ኒውዚላንድ ልትቀበላቸው ፈቅዳ ሳለ የታይላንድ ባለ ሥልጣኖች የመውጫ ፈቃድ አልሰጧቸውም ነበር። ሰው ገቢ ማስገኛ ከሆነ ነፃነቱም ዋጋ ይወጣለታል ማለት ነው።

በእኛም አገር ቆላ፣ በኦሞ ሸለቆ፣ የሙርሲ ሴቶች በፎቶ ቁጥር ገንዘብ ይቀበላሉ። ሙርሲዎችን ለብዙ ዓመታት ያጠኑት እንግሊዛዊው ዴቪድ ተርተን እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጽሑፍ በፎቶ አንሺውና በተነሺው መካከል ያለውን ይህን ሻካራ ግንኙነት መርምረዋል። ገንዘብ ሰጥቶ ፎቶ አንስቶ የሚሄድ ሰው ሰላምታ እንኳ አይለዋወጥም። ይህ ትውውቅ ሊባል አይችልም።

በሌላ በኩል የጎብኚ ገንዘብ አስፈላጊ አይደለም ማለታችን አይደለም። በ2012 ዓ.ም ኮቪድ መንገዱን ሲዘጋ አስጎብኚውም፣ ዕቃ ሻጩም፣ እንግዳ ማረፊያውም ባዶ እጃቸውን ቀርተዋል። ስለዚህ የሚጠየቀው "እንክፈል ወይስ አንክፈል" ሳይሆን ለማንና ለምን እንክፈል ነው። ለሥራ የሚከፈል ገንዘብ ሰውን ያቆማል፤ ለመታየት የሚከፈል ያጎብጣል።

እኛም እንታያለን

ነገሩ እንዲገባን መስተዋቱን እናዙረው። የሐረር ጁገል በ1998 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 2006) በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በየቀኑ የውጭ ሰዎች በጠባቧ መንገድ ያልፋሉ፤ በስፌት ያጌጠውን የሐረሪ ቤት ገብተው ያያሉ። ሰላም ብሎ የገባ፣ ጫማውን አውልቆ የተቀመጠ፣ ስለ ስፌቱ የጠየቀ እንግዳ ደስ ያሰኛል። እናትህ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ሳለ ሳይጠይቅ ካሜራ የሚደግንባት ሰው ግን ምን ይሰማሃል? በል እንግዲህ፣ ያ ስሜት የዶርዜው ሽማግሌም፣ የኮንሶዋ እናትም ስሜት ነው።

ለሚጓዙ ቤተሰቦችና ክበባት

ለመሄድ የምታስቡ ወገኖች እነዚህን ብታስቡባቸው ይጠቅማል።

1ኛ. የአካባቢውን ተወላጅ አስጎብኚ ያዙ፤ ክፍያውንም በሕጋዊው ቢሮ ከፍላችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ።

2ኛ. ከመግባታችሁ በፊት በአገሩ ቋንቋ ሰላምታ ተማሩ። አንድ ቃል የተዘጋ ደጅ ይከፍታል።

3ኛ. ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፤ "አይሆንም" ከተባለ በደስታ ተቀበሉ። ሕፃን፣ ታማሚና ሐዘንተኛ ጨርሶ አይነሳ።

4ኛ. ለልጆች በመንገድ ላይ ገንዘብና ካራሜላ አትስጡ። መርዳት ከፈለጋችሁ ደብተርና እስክሪብቶ ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር አስረክቡ።

5ኛ. ጋቢ ከሸማኔው፣ ማር ከአናቢው ግዙ፤ ያረጀ የመቃብር ወይም የአምልኮ ዕቃ ግን አትግዙ።

6ኛ. የማትበሉትንና የማትጠጡትን ለአስጎብኚው አስቀድማችሁ ንገሩት። የሰላት ቦታም በዚያው ይጠየቅ፤ ባለ ግቢዎቹ በደስታ ጥላ ሥር ቦታ ያሳያሉ።

7ኛ. ልጆቻችሁን ስትመለሱ "ምን አያችሁ?" ብቻ ሳይሆን "ማንን አወቃችሁ?" ብላችሁ ጠይቋቸው።

በእኛ ጉዞ ለመጨረሻው ጥያቄ ጥሩ መልስ የሰጠችው አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። ስለ ሐውልቱም ሆነ ስለ ዝሆን መሰሉ ቤት አላነሳችም። በኮንሶ ካብ ሲጠግን ያገኘችውን የእድሜ እኩያዋን ልጅ ስም ጠርታ፣ እሱ ስንተኛ ክፍል እንደሆነና ከትምህርት በኋላ ስንት ድንጋይ እንደሚያነሳ ተናገረች። ከዚያም "እኔ ቤት ውስጥ ምን እሠራለሁ?" ብላ ዝም አለች። አስተማሪ ሆነን ከዚህ የተሻለ የጉዞ ሪፖርት አልደረሰንም።