ምልክት የሚሥለው አባትና ልጁ

ዛሬ በእንግሊዝ አገር፣ ስትራትፎርድ በምትባል ከተማ ስላለ አንድ የቆየ ትምህርት ቤት እንነግራችኋለን። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በዚያች ከተማ ጆን ሼክስፒር የሚባል ጓንት ሰፊ ነበር። በ1568 የከተማው ሹም ሆነ። ታዲያ ወረቀት ላይ ፈርም ሲባል ስሙን አይጽፍም፤ ምልክት ይሥላል።

ትምህርት ቤቱን በ1553 እንደገና ያቋቋመው ንጉሥ ኤድዋርድ 6ኛ ነው። የመምህሩ ደመወዝ በዓመት 20 ፓውንድ ከነቤቱ ነበር፤ ለዚያ ዘመን መምህር ደህና ነው! «የሰዋስው ትምህርት ቤት» ይባላል። ሰዋስው የቋንቋ ሕግ ነው። የየትኛው ቋንቋ? የእንግሊዝኛ እንዳይመስላችሁ፤ የላቲን ነው። ያኔ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ሰው ላቲን ማወቅ ነበረበት። ልጆቹ ማለዳ ገብተው እስከ ማታ ላቲን ያጠናሉ።

ሴቶች ልጆች ግን አይገቡም ነበር። በላይኞቹ ክፍሎች ሴቶችን መቀበል የጀመረው በ2013 ነው። በጣም ዘገየ!

የጓንት ሰፊው ልጅ ዊልያም በ1564 ተወለደ። የዚያ ዘመን የተማሪዎች መዝገብ አልተረፈም፤ ሊቃውንት ግን እዚያ እንደተማረ ያምናሉ። አባቱ ምልክት ይሥል የነበረው ይህ ልጅ ታላቅ የቴአትር ደራሲ ሆነ። «ኦቴሎ» እና «ሐምሌት» የተባሉትን ቴአትሮቹን ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ መልሷቸዋል።